በሰው እጅ መታሸትና በራስ እግር መቆም

ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ምልልስ ስለ አንድ ደዌና ስለ ሕክምናው የሚናገር ነው። ደዌው ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፤ ሕክምናውም ሕሙሙ ጋደም ብሎ ሌላ ሰው ወይም መሣሪያ የሚደክምለት፥ ማሸትን፥ ሙቀትን፥ የፍል ውሃ መታጠቢያንና ለስላሳ የኤሌክትሪክ ንዝረትን የሚያጠቃልለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ በልጅነታቸው ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ግእዝን የተማሩ፥ ኋላም ቆብ ደፍተው በገዳም የኖሩ እማሆይ ሲሆኑ፥ ሁለተኛዋ በአዲስ አበባ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ንግግራቸው ለትምህርት እንዲሆን በጸሐፊው የተደረሰ ነው።

እማሆይ፦ ልጄ፥ ወደ አንቺ የላከኝ ሐኪም ደግ ሰው ነው፤ ደሜን አስመርምሮ፥ የመገጣጠሚያዎቼን ራጅ ተመልክቶ፥ የእንቅርት ዕጢዬን እንኳ ሳይቀር አስፈትሾ ሲያበቃ «የሚያስፈራ ነገር የለብዎትም» አለኝ። እኔ ግን ከማጅራቴ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የማያመኝ ቦታ የለኝም፤ ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ ሲነጋ ዝዬና ደርቄ እነሣለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማደርሰው ዳዊት በመካከሉ እየጠፋኝ የቱ ላይ እንደ ነበርሁ እፈልጋለሁ። አንዱ ቁርጥማት ነው ይለኛል፥ አንዱ ብርድ መትቶሽ ነው ይለኛል፥ ዝም ያለውም በልቡ አመል ነው ይለኛል። እስቲ አስረጂኝ፤ ምርመራ ያላገኘው ሕመም ከወዴት ይመጣል? ሥጋዬ ሳይታመም አሳቤ ብቻ የፈጠረው ይሆን?

ባለሙያ፦ አይደለም፥ እማሆይ። ምርመራው ያረጋገጠው ሌሎች ደዌዎች አለመኖራቸውን እንጂ ሕመም አለመኖሩን አይደለም። በደምዎ ውስጥ የተፈለገው ብግነትን፥ መገጣጠሚያ የሚበላውን የሩማቲዝም ዓይነትና የእንቅርት ዕጢን መድከም የሚያመለክት ነገር ነው፤ ራጅም የሚያሳየው አጥንትን ነው። የእርስዎ ደዌ ግን ከጡንቻ፥ ከጅማትና ከቆዳ የሚመጣውን ስሜት ተቀብሎ ወደ አንጎል በሚያደርሰውና በዚያም በሚመዝነው በነርቭ ሥርዓት ላይ ያደረ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከልኩ በላይ ሲከፈት የካህኑ ለስላሳ ንባብ ጆሮ የሚያደነቁር ሆኖ እንደሚወጣ፥ በዚህ ደዌም ለሌላው ሰው መነካት ብቻ የሆነው ነገር ለሕሙሙ ሕመም ሆኖ ይደርሰዋል። ካህኑ አልጮኸም፤ የተሰማው ጩኸት ግን እውነተኛ ነው።

ይህንንም የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የሕሙማንንና የጤነኞችን አውራ ጣት በልክ እየተጫነ አንጎላቸውን በመግነጢስ መሣሪያ ሲመለከት፥ በጤነኞቹ ላይ እምብዛም ሕመም ያላስነሣው ግፊት በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ ሕመም የሚቀበሉትን ክፍሎች ሲያነቃ ተገኘ። ከዚያም ቀደም ሲል የሕሙማን የአከርካሪ ፈሳሽ ሲመረመር፥ ሰብስታንስ ፒ የሚባለውና የሕመምን መልእክት የሚያስተላልፈው ንጥረ ነገር ከጤነኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል በዝቶ ታይቶ ነበር። እንግዲህ አመል ነው የሚሉዎት ሰዎች ስለማያውቁት ነገር እየፈረዱ ነው።

እማሆይ፦ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚያቆስለኝ የሰው አለማመን ነበርና ይህን መስማቴ ብቻ አንድ ሸክም አወረደልኝ። ነገር ግን ይህ ደዌ በእኛ ዘመን የተፈጠረ ነው ወይስ ጥንትም የነበረ? በልጅነቴ ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

ባለሙያ፦ ደዌው የቆየ ነው፤ ዕውቀቱ ግን እየታረመ የመጣው በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ዊልያም ጋወርስ የሚባል የለንደን ሐኪም ስለ ወገብ ሕመም ሲያስተምር፥ የዚህ ዓይነቱ ሕመም ምክንያት ጡንቻን የሚያስተሳስረው ሥጋ መቆጣት ነው ብሎ ስም አወጣለት። የተባለው ብግነት ግን ሲፈለግ የሚታይ ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ ከሰባ ዓመት በኋላ፥ በ1976፥ ደዌው ዛሬ የምንጠራበትን ስም ያዘ። በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በሰውነት ላይ 18 ነጥቦችን ለይቶ፥ በ4 ኪሎ ግራም ልክ ሲጫኑት ቢያንስ በ11ዱ ላይ የሚያመውን፥ ሕመሙም በቀኝና በግራ፥ ከወገብ በላይና በታች ተሰራጭቶ ሦስት ወር የቆየበትን ሰው በዚህ ደዌ ሕሙም ነው ብሎ ወሰነ። በ2010 ደግሞ ነጥብ መጫኑ ቀርቶ፥ ሕመሙ የተሰራጨበት ስፋት፥ ድካሙ፥ የማያሳርፈው እንቅልፍና የአሳብ መበተን በአንድነት እንዲመዘኑ ተደረገ። ከመቶ ሰው ከሁለት እስከ አራት የሚሆነው ይህ ደዌ እንዳለበት ይገመታል፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለሥራዬ ስለሚያገለግለኝ ነው፤ ሕመሙ በጡንቻው ውስጥ የተቋጠረ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቋጠሮውን እስኪፈታ ድረስ አጥብቆ ቢጫን አይደንቅም፤ ሕመሙ በነርቭ ሥርዓት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን የእጅ ሥራም አብሮ መለወጥ አለበት።

እማሆይ፦ ይህስ በእኔ ደርሷል። በአገሬ የወለቀ ክንድ ዳስሶ የሚመልስ፥ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ አስሮ የሚያድን አንድ ወጌሻ አለ። እኔንም በቅቤ አሸኝ፤ ሲያሸኝ ባለቅስ «ልቅሶው የሕመሙ መውጫ ነው፥ ይቻሉት» አለኝ። በማግሥቱ ቀለል ያለኝ መስሎኝ አመሰገንሁት፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመኝታዬ መነሣት አቅቶኝ ሰነበትሁ። እንግዲህ አንቺ እንደምትዪው ደዌው በነርቭና በአንጎል ከሆነ፥ በትከሻዬ ላይ የምታሳርፊው እጅ ምን ይጠቅመኛል? የእርሱስ እጅ ለምን ጎዳኝ?

ባለሙያ፦ የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው፤ መነካት ራሱ ወደ አንጎል የሚጓዝ መልእክት ስለ ሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ባሳተሙት ትምህርት፥ በአከርካሪ ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበት እንደ በር ያለ ስፍራ እንዳለ፥ የለስላሳ መነካትን ስሜት የሚያመጡት ወፍራም ነርቮች ሲነቁም ያ በር ለሕመሙ እንደሚጠብ አስረዱ። ትምህርቱ ኋላ በዝርዝሩ ቢታረምም መሠረቱ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ሰውም ሁሉ እግሩ ዕንቅፋት ሲመታው ሳይማር ወዲያው የሚያሸው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም አንጎል ራሱ ሕመምን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችን ወደ አከርካሪ ይልካል፤ የሚታመን ሰው በሚያሳርፈው እጅ ሥር፥ ትንፋሽ ሲረጋና ፍርሃት ሲቀንስ፥ ይህ የተፈጥሮ መድኃኒት የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

ወጌሻው ሙያ አልጎደለውም፤ ለወለቀና ለተሰበረ የተማረውን ብርቱ እጅ ግን ለዚህ ደዌ አዋለው። በጥብቅ ሲጫን የሚነቁት የሕመም ነርቮች ናቸው፤ እነዚያም አስቀድሞ ከልኩ በላይ የሚሰማውን ሥርዓት ይበልጥ ያስቆጡታል። እኔ ስጀምር በትንሽ ጊዜ፥ በለስላሳና በዝግተኛ እጅ እጀምራለሁ፤ «በዛ» ባሉኝ ጊዜ አቆማለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን እንዴት እንደ ዋሉ እጠይቃለሁ፤ የዚህ ደዌ ፍርድ የሚሰማው በሕክምናው አልጋ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነውና። በዚህ ክፍል ውስጥ ሕመም መቻልን እንደ ትሩፋት አልቆጥረውም።

እማሆይ፦ መነኩሴን ሕመም አትቻዪ ማለትሽ ደፋር ነሽ፤ ነገር ግን ተቀብዬዋለሁ። ለመሆኑ ይህ ለስላሳ እጅ እንደሚረዳ የታወቀ ነው ወይስ ለእኛ ለድኩማን መጽናኛ የተባለ ነው?

ባለሙያ፦ በልኩ የታወቀ ነው፤ ልኩንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች በጠቅላላው 404 ሕሙማን የተካፈሉባቸውን ዘጠኝ ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ፥ ማሸቱ አምስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ሕመምን፥ ጭንቀትንና የልብ መክበድን እንደሚቀንስ አዩ፤ እንቅልፍን ግን እምብዛም አላሻሻለም። ጥናቶቹም አነስተኛ ስለ ነበሩ በእነርሱ ላይ ትልቅ ተስፋ መገንባት አይገባም። አንድ ጊዜ ብቻ ታሽቶ ድኛለሁ የሚል ሰው ቢያገኙ ደስ ይበልዎት እንጂ በእርሱ ልክ ተስፋ አያድርጉ።

እማሆይ፦ እንቅልፍ ካልሽ ዘንድ፥ ሌሊት ለጸሎት መነሣቴን ሐኪሙ በጥርጣሬ ሲያየው ነበር። እርሱንም ልትከለክሉኝ ነው?

ባለሙያ፦ ጸሎትዎን የመከልከል ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን በቶሮንቶ ሐኪሙ ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ሕሙማን ጥልቅ እንቅልፍ የተሸራረፈ ሆኖ አገኙት፤ ጤነኞች ሰዎችንም ከጥልቅ እንቅልፋቸው በድምፅ እያደናቀፉ ጥቂት ሌሊት ቢያሳልፏቸው ለጊዜው የዚህን ደዌ የመሰለ የሰውነት ሕመም መጣባቸው። ስለዚህ የሌሊቱ ሥርዓት ለጥቂት ወራት ወደ ምሽትና ወደ ንጋት እንዲዛወርልዎት የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ፥ ከእኔ እጅ ይልቅ እርሱ ሊጠቅምዎት ይችላል።

እማሆይ፦ ለሕሙም ሥርዓት ማቅለል በአባቶች ዘንድ የተፈቀደ ነው፤ እጠይቃለሁ። አሁን ስለ ውሃ ንገሪኝ። ወደ ፍል ውሃ የወረድሁ ቀን ሥጋዬ ሁሉ ተፈትቶ እውላለሁ። ይህች ከተማ ራሷ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወድደው በአጠገቡ ቤት ስላሠሩ የተቆረቆረች ናትና፥ የቀደሙት ሰዎች ያለ ነገር አላደረጉትም።

ባለሙያ፦ ያለ ነገርስ አላደረጉትም። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፥ ሕመምን እየፈራ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፥ የሙቀት ስሜትም ራሱ ከሕመሙ ጋር እየተሻማ ወደ አንጎል ይደርሳል። ውሃው አንገት ድረስ ሲደርስ ደግሞ የሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሚቀር፥ በየብስ ላይ የማይታጠፍ ጉልበት በውሃ ውስጥ ይታጠፋል። በእስራኤል አገር በሙት ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አለ፤ 48 ሕሙማን በዚያ ለ10 ቀን ተቀምጠው እኩሌቶቹ ድኝ ባለው ፍል ውሃ ሲታጠቡ እኩሌቶቹ ሳይታጠቡ ሰነበቱ። የታጠቡት ይበልጥ ተሻላቸው፥ መሻሻሉም ከሦስት ወር በኋላ ጭምር ታየ፤ ነገር ግን ያልታጠቡትም በመጠኑ ተሽሏቸው ነበር። ይህ የሚያስተምረን ውሃው መርዳቱን ብቻ አይደለም፤ ከቤት ጭንቀት መራቅ፥ ማረፍና ደዌውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መዋልም የራሳቸው ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም።

የፍል ውሃ መንገድ ሩቅ ለሆነበት ቀን በቤትዎ በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትከሻዎ ላይ ማኖር ይበቃል። ሆኖም የስኳር ሕመም ይዞት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሙቀቱን ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላልና አስቀድሞ በጤነኛ እጅ መለካት አለበት፤ የልብ ሕመም ወይም ያልተገታ የደም ግፊት ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ወደ ፍል ውሃ አይገባም። እርስዎም ጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚቆዩበት ቀን፥ ውሃ ሳይጠጡ ወደ ሙቀቱ እንዳይገቡ፤ ራስ ያዞራል። ወደ ጸበል ሲሄዱም ሐኪም የሰጠዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።

እማሆይ፦ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው። ያ በጥግ ያለው ገመዳም መሣሪያስ ምንድን ነው?

ባለሙያ፦ ቴንስ እንለዋለን፤ በቆዳ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ንጣፎች ለስላሳ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ነው፤ የተሠራበት አሳብ ቀደም ብዬ ከነገርኩዎት ከበሩ ትምህርት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ 301 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ታትሟል፤ ሲሶው ያህል በእውነተኛው መሣሪያ፥ ሲሶው ያህል በማይሠራ መሣሪያ፥ የቀሩትም ያለ መሣሪያ ለአራት ሳምንት ቆዩ። በእውነተኛው የተጠቀሙት ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸው ሕመምና ድካም ከሁለቱም ወገን ይልቅ ቀነሰላቸው። አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ሴቶቹ መሣሪያውን በየቀኑ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል የለበሱት በሥራ ላይ ሳሉ ነበር፤ ተኝተው አልነበረም። የልብ ማስመቻ መሣሪያ በደረቱ የተተከለበት ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አይጠቀምበትም።

እማሆይ፦ ሁሉን በልኩ እየለካሽ ነገርሽኝ፤ ደስ አለኝ። ግን ወረቀትሽ ላይ ስድስት ሳምንት ብቻ ተጽፎ አየሁ። ጠቀመኝ ካልሽ ለምን ታቋርጪብኛለሽ? ገንዘቡ ከሆነ ዘመዶቼ ይከፍላሉ። እኔ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ፥ አንቺ እያሸሽኝ፥ ሙቀቱ እየነካኝ ዕድሜዬን ብጨርስ ማንን ይጎዳል?

ባለሙያ፦ እርስዎን ይጎዳል፥ እማሆይ። ተኝተው የሚቀበሉት ሕክምና ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው፤ ያቃልላል፥ ከዚያም ይመለሳል። በዚያ መካከል ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሰልላል፥ የሰለለ ጡንቻም በትንሽ ሥራ ይታመማል፥ ሕመሙም እንደ ገና ያስተኛል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አእምሮ የሚማረው ነገር ነው፤ ሕመሜ የሚቀለው በሌላ ሰው እጅ ብቻ ነው ብሎ ያመነ ሰው፥ ያ እጅ በሌለበት ቀን ረዳት የሌለው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የአውሮፓ የሩማቲዝም ማኅበር መመሪያ ከሕክምናዎቹ ሁሉ መካከል ጠንካራ ድጋፍ የሰጠው ለአንዱ ብቻ፥ እርሱም በልክ ለሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ የሆነው። ለሙቅ ውሃ ሕክምና ደካማ ድጋፍ ሰጠ፤ ለማሸት ግን ማስረጃው አልበቃ ብሎት አልደገፈውም፤ ካይሮፕራክቲክ የሚባለውን አከርካሪን በኃይል ማንቋቋት ፈጽሞ ከለከለ። መድኃኒቶቹም ቢሆኑ፥ ዱሎክሰቲንና ፕሪጋባሊን፥ በትንሹም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፥ ለአንዳንዱ ሰው የሚረዱ ደጋፊዎች ናቸው እንጂ ጨርሰው አያድኑም።

እማሆይ፦ እንግዲህ ነገሩ ወጣ! ከቁርጥማት ወደ አመል፥ ከአመል ደግሞ ወደ ስንፍና ልታሻግሪኝ ነው። ልጄ፥ እኔ በሰሙነ ሕማማት የሰገድሁ፥ ቅዳሴ ቆሜ ያስቀደስሁ፥ ፈትል የፈተልሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ደኅና ሆኜ ግቢውን ጠርጌ ውሃ ቀድቼ ብውል፥ በማግሥቱ እንደ በድን ወድቄ እቀራለሁ። ተንቀሳቀሺ የሚሉኝ ሰዎች ያንን ማግሥት አያዩትም።

ባለሙያ፦ እኔ ያንን ማግሥት አምነዋለሁ፤ ስንፍናም አላልሁም። ሰነፍ ሰው ደኅና በሆነ ቀን ግቢ አይጠርግም። ጉዳቱ የመጣው ከመንቀሳቀስዎ ሳይሆን ከመጠኑ ነው፤ ደኅና በሆኑበት ቀን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ይሠሩታል፥ በታመሙበት ቀን ደግሞ ፈጽመው ይተኛሉ፤ ነርቩም ከዚህ መወዛወዝ ዕረፍት አያገኝም። በማግሥቱ የሚሰማዎት ሕመም እውነት ነው፤ ጡንቻዎ ተቀደደ ወይም አጥንትዎ ተጎዳ ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ የምንጀምረው ከሚችሉት በታች ነው። አስቀድሜ በሙቀትና በለስላሳ ማሸት ሕመሙን አሳንሼ፥ ያ ቅለት ሳያልፍ አምስት ደቂቃ በዝግታ አብረን እንራመዳለን፤ በማግሥቱ ካልከፋ በዚያው እንጸናለን፥ ሰውነት ሲለምደው ጥቂት እንጨምራለን፤ ደኅና በሆኑበት ቀን ከዚያ አይበልጡም፥ በደከሙበትም ቀን ጨርሰው አይተዉም። በዚህ አኳኋን በወራት ውስጥ ግማሽ ሰዓት መራመድ የቻሉ ብዙዎች ናቸው። የእኔ እጅ ሥራው ይህ ነው፤ የሚራመዱበትን ጊዜ ማመቻቸት።

እማሆይ፦ ቆይ፤ ይህ አነጋገርሽ አንድ ነገር አሳሰበኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ስግደት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ራስን ዝቅ ማድረግ አድንኖ፥ መንበርከክ አስተብርኮ፥ ግንባርን ምድር ማስነካት ሰጊድ ይባላል። እኔ ሰጊዱን ስላልቻልሁ ሁሉንም ትቼ በመቋሚያዬ ተደግፌ አለቅስ ነበር።

ባለሙያ፦ እማሆይ፥ ከእኔ የተሻለ መርሐ ግብር አወጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድንኖ ብቻ ይሁን፥ አንገትና ትከሻ በዝግታ ሲታጠፉ ራሱን የቻለ እንቅስቃሴ ነው፤ ቀጥሎ ወንበር ተደግፈው አስተብርኮ፥ ጉልበትና ዳሌ ሲበረቱም በጥቂት ቁጥር ሰጊድ። በእሑድና በበዓለ ኀምሳ እንደማይሰገድም አውቃለሁ፤ የዕረፍቱን ቀን ሥርዓቱ ራሱ ወስኖልናል።

እማሆይ፦ መጻጉዕ ትዝ አለኝ፤ በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የምናስበው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በጠበሉ ዳር ተኝቶ፥ ውሃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያገባው ሰው ስላልነበረው የኖረ፥ ኋላም ጌታ ባዘዘው ጊዜ አልጋውን ራሱ ተሸክሞ የሄደ ነው። እኔም እስከ ዛሬ ተሸክመው የሚያገቡኝን ስፈልግ፥ ተነሺ የሚለውን ቃል ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል።

ባለሙያ፦ በዚህስ አልስማማም። በቃል የማስነሣት ሥልጣን የፈጣሪ ነው፤ በሰው ሕክምና ግን ሕሙምን ተነሥ እያሉ መገሠጽ ማንንም አያድንም። የእርስዎንም ደዌ ያከበዱት ብዙዎች፥ ሳይነኩዎትና ሳያምኑዎት «ተነሺ» ያሉት ናቸው። መጻጉዕም ሰው የለኝም ማለቱ እንደ ነቀፋ አልተቆጠረበትም፤ እውነት ነበርና። ተኝተው የሚቀበሉትን ሕክምና እኔ ጨርሼ የማልንቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙን አምኖ የሚቀርብ፥ የት እንደሚያምም የሚጠይቅ፥ በዛ ሲሉት የሚያቆም አንድ ሰው ማግኘት ለብዙ ዘመን ላልታመነ ሕሙም የሕክምናው ግማሽ ነው። ስሕተቱ ያ ሰው ዘወትር አጠገቡ ሆኖ እንዲሸከመው ሲጠበቅ ነው።

እማሆይ፦ እንግዲያስ ውላችንን ልድገመውና ካሳትሁ አርሚኝ። አንቺ ስድስት ሳምንት ታሺኛለሽ፥ ታሞቂኛለሽ፥ እያሳነስሽም ትመጫለሽ፤ እኔ ደግሞ እያበዛሁ እሄዳለሁ፤ ሌሊቱን ከንስሐ አባቴ ጋር አስተካክላለሁ፤ መሣሪያውን ብወስድም ተኝቼ ሳይሆን ስሠራ እለብሰዋለሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ባይለቀኝስ?

ባለሙያ፦ ጨርሶ ይለቅዎታል ብዬ ቃል አልሰጥም፤ የሚሰጥዎትንም ሰው አይመኑ። ስድስቱ ሳምንት ሲፈጸም የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው፤ ምን ያህል ያምምዎታል፥ ምንስ መሥራት ቻሉ። ሕመሙ ባለበት ሆኖ የቅዳሴውን እኩሌታ ቆመው ካስቀደሱ፥ እኔ ተሳክቶልናል እላለሁ። ሕመሙ ቀንሶ እርስዎ ግን ከዚህ አልጋ በቀር ሌላ ቦታ ማሰብ ካቃተዎት፥ በደንብ አሽቼ በደንብ አላከምሁም ማለት ነው።

እማሆይ፦ የእጅሽን ሥራ በእኔ እግር ልትመዝኚው ነው። ፍርዱ ለሁለታችንም ከባድ ነው፤ ትክክል ግን ነው። በይ ፎጣውን አሙቂ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደጃፉ ድረስ እሄዳለሁ።